ሞተሩን መጨረሻ ግዛው

አውሮፕላን ልሥራ ብሎ የሚነሳ የሀገራችን ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «ሞተር ከየት ላግኝ?» ስለ ክንፉ አይጠይቅም፣ ስለ ጅራቱ አይጠይቅም፣ ስለ ሚዛኑማ ጭራሽ አያነሳም። እኛ ተመልካቾቹም ያው ነን። አንድ ልጅ ጓሮው ውስጥ ያበጀውን ክንፍ በቪዲዮ ቢያሳየን አይተን እናልፋለን። ያው ልጅ ሞተር አስነስቶ ጭስና አቧራ ሲያቦንን ግን ይኼው ላይክ፣ ይኼው ሼር፣ ይኼው «ጀግና ነህ ወንድሜ!»። ጭብጨባችን ለድምፅ ነው።

በዚህ ጉዳይ የምለው አጭር ነው። ሞተሩን ቀድመህ ምረጥ፣ ግን መጨረሻ ግዛው። መምረጥና መግዛት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል፤ ሌላው የቤተሰብ ጥሪት። ሁለቱን አንድ ላይ እየቀላቀልን ነው የልጆቻችንን ገንዘብ የምናስበላው። ስንት ዓመት የደከሙበት ሥራም ቆርቆሮ ስር ዝጎ የሚቀረው በዚሁ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ መካነ ሰላም ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው አንድ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሥራው ሳያልቅ መጠራት የሚፈልግ ዓይነት ሰው አይደለም። እጁ ወርቅ ነው። የአውሮፕላኑን ንድፍ ደብተር ሙሉ ስሏል፣ ስለ ክንፍ ቅርጽ ሲያወራ ሌሊቱ ይነጋል። ታዲያ አንድ ቀን አጎቱ የባሕር ዛፉን አስቆርጦ፣ አንድ በሬም ጨምሮ ሸጦ የሞተር መግዣ ሊሰጠው እንደተስማማ ነገረኝ። ልጁ ደስታው ሌላ ነበር። እኔ ግን «ክንፍህ የት ደረሰ?» አልኩት። ገና አልጀመረውም። እና አይሆንም አልኩት። እስካሁን ስንከራከር አለን፤ ክርክሩን ወደ እናንተ ያመጣሁት ልጁ ብቻውን ስላልሆነ ነው።

መጀመሪያ በሀገራችን በጣም የታወቀውን ሰው እናንሳ። አስመላሽ ዘፈሩ። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ላይ በገዛ እጁ የሠራትን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሊያበር ሲነሳ የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ ዘገቡለት። ሙያው የሕዝብ ጤና ነው፤ አውሮፕላን መሥራትን የተማረው ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ነው። አውሮፕላኗን «ኬ-570ኤ» አላት፤ «ኬ» የእናቱ የኪሮስ መነሻ ፊደል፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን። የመጀመሪያ ሙከራው አልተሳካም። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ለሳቁት ሰዎች ምንም አክብሮት የለኝም፤ አንድ ብሎን ሳያስሩ በሌላው ሰው ብሎን የሚስቁ ናቸው።

እኔን የሳበኝ ግን ስለ ሞተሩ የተናገረው ነው። መጀመሪያ ያሰበው የሱዙኪ ሞተር ነበር። ከፕሮፔለሩ አቀማመጥ ጋር አልሄድ ስላለው ቀየረውና ያገለገለ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር ገጠመ። ቮልስ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርና ውኃ መሸከም የለበትም፤ በዓለም ዙሪያ ቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተርና ፕሮፔለር ሁለት ዕቃ አይደሉም፣ አንድ ውሳኔ ናቸው። ሞተሩ ወደየት ይዞራል? በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል? ስንት ኪሎ ይመዝናል? ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ካላለቀ ሞተር መግዛት፣ መንገድ ላይ ቁልፍ አግኝቶ ለቁልፉ ሲባል ቤት እንደመሥራት ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። እዚህ ነገሩ ይበልጥ ይከራል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ላይ ናት። ቦረናን አልፋችሁ ወደ ለጋምቦ ስትወጡ ደግሞ ምድሩ ራሱ እስከ አምባ ፋሪት ድረስ ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ዋናው ቀለቡ አየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር መካነ ሰላም ላይ፣ ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል። ወረቀቱ ላይ 40 የተባለው ቮልስ እኛ ጋ 27 አካባቢ ነው ማለት ነው። አሥራ ሦስቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀሩ!

በዚህም አያበቃም። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበት አየርም ስስ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ከባሕር ዳርቻው ወደ 20 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ያን ፍጥነት የሚያመጣው ሞተር ግን ደክሟል። ስለዚህ መንደርደሪያው በጣም ይረዝማል፤ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ቦረና ውስጥ ረጅም ሜዳ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ሜዳው የሚያልቀው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓባይ ሸለቆ ጠርዝ ላይ። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል።

ይህ የድሃ ሀገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ቦሌ 2334 ሜትር ላይ ነው። የአየር መንገዳችን ትልልቅ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ነዳጅ ሙሉ ይዘው መነሳት ስለሚከብዳቸው መንገድ ላይ አርፈው ይቀዳሉ፤ ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን በቀጥታ ይመጣሉ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለአዲሱ ኤርፖርት ቦታ ሲመረጥ ዝቅ ማለቱ አንዱ ምክንያት ይኼው ነበር። ቦይንግን ያስቸገረ አየር ለቮልስ ይራራል?

ስለዚህ የደጋው ሰው የሚያስፈልገውን ሞተር የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ አካሉ ተሠርቶ፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ «ይህን ያህል ኪሎ ነው» ሲባል። የጓሮ አውሮፕላን ደግሞ ያለ መወፈር አያውቅም። ንድፉ ላይ 200 ኪሎ የተባለው ሲያልቅ 250 ይሆናል። እዚህ አንድ ተጨማሪ ብረት፣ እዚያ ወፈር ያለ ላሜራ፣ ከዚያ ቀለም። ሞተሩን ቀድሞ የገዛ ሰው ያን 50 ኪሎ ምን ያደርገዋል? ሞተሩ እንደሆነ አያድግለትም። ወይ ሸጦ ሌላ ይገዛል፣ ወይ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ይነሳል። ሁለተኛውን የሚመርጥ ይበዛል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ታሪክም ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. 1903 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ወገኖች ለመብረር ይሽቀዳደሙ ነበር። አንደኛው ሳሙኤል ላንግሌይ፤ የታወቀ ሳይንቲስት፣ ከጦር ሚኒስቴር 50 ሺህ ዶላር የተሰጠው፣ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው ለዘመኑ ድንቅ የሆነ ሞተር የያዘ። ሁለተኛዎቹ የራይት ወንድማማቾች፤ ብስክሌት ሠሪዎች። ላንግሌይ በጥቅምትና በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቴም አውሮፕላኑ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ ራይቶቹ በረሩ። የሞተራቸው ጉልበት ስንት ነበር? 12 ገደማ።

ልብ በሉ፣ 52ቱ ወንዝ ገባ፣ 12ቱ በረረ። ምክንያቱም ራይቶቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሞተር ነበር የሠሩት። እ.ኤ.አ. 1900፣ 1901 እና 1902 በነፋስ ብቻ የሚንሳፈፍ ክንፍ እየሠሩ፣ እየሰበሩ፣ እንደገና እየሠሩ። ብስክሌት ቤታቸው ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት ሳጥን ሠርተው ትንንሽ የክንፍ ቅርጾች ፈተኑ። ሞተር የፈለጉት ክንፉ እንደሚታዘዛቸው ካረጋገጡ በኋላ ነው። ከመኪና ፋብሪካዎች የሚስማማ ሞተር ስላጡ የራሳቸው ሠራተኛ ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ሠራላቸው። ምን ዓይነት ሞተር እንደሚበቃቸው ያውቁ ስለነበር ትንሽ ሞተር በቃቸው። የማያውቅ ሰው ነው ትልቅ የሚገዛው።

እሺ፣ አሁን የሌላውን ወገን ክርክር እንስማ። ቀላል ክርክር አይደለም።

«ወንድሜ፣ ብሩን አላየህም እንዴ?» ይሉኛል። አይቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ዘለለ። አዲስ የሮታክስ ሞተር፣ ያ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ቀላል አውሮፕላኖች የሚወዱት፣ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በድሮው ምንዛሪ ከአንድ ሚሊዮን ብር ትንሽ ከፍ ያለ፤ አሁን ከሁለት ሚሊዮን በላይ። በብር ቆጥቦ ለመጨረሻ ማስቀመጥ ማለት እኮ በተቀደደ ጆንያ እህል መሸከም ነው። «ስለዚህ ዛሬ ልግዛ» የሚለው ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ሂሳብ ያውቃል።

ግን ከብር መሸሽ አለብህ ማለት ወደ ሞተር ሽሽ ማለት አይደለም። አሉሚኒየሙም በዶላር ነው የሚመጣው። የአውሮፕላን ብሎኑ፣ የሽቦ ገመዱ፣ የጥራት ጣውላው፣ ሙጫው፣ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያው፤ ሁሉም ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ከብር መሸሽ ካለብህ ወደነዚህ ሽሽ። ዛሬ ትገዛቸዋለህ፣ ነገ ትሠራባቸዋለህ። ደረቅ ቦታ የተቀመጠ አሉሚኒየም ዓመት ቆይቶም አሉሚኒየም ነው። ሙጫ እንኳ የሚበላሽበት ቀን ስላለው በልክ ትገዛዋለህ።

ሞተር ግን እንደዚህ አይደለም። ሞተር ሲቀመጥ ይታመማል። የማይዞር ሞተር ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ እርጥበት ይገባል፤ ዝገት ይጀምራል። የቦረናን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጉሙ ጠዋት ቤት ድረስ ይገባል። ማሳ ላይ የተረሳ ማረሻ በአንድ ክረምት ምን እንደሚመስል ገበሬ ጠይቁ። የሮታክስ ፋብሪካ ራሱ ለዚህ ሞተር ሙሉ እድሳት የሚለው 2000 ሰዓት ወይም 15 ዓመት ነው፤ ቀድሞ በደረሰው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ስትበር ነው፤ ዓመቱ ግን ቆጥ ላይ ተቀምጦም ይቆጥራል። አካሉን ለመሥራት ስድስት ዓመት ከፈጀብህ፣ ሞተርህ አንድ ቀን ሳይበር ዕድሜው ስድስት ዓመት ሄዷል።

ሁለተኛው ክርክር «ሞተሩ ካለ ልቤ ይበረታል» የሚል ነው። ይህን በደንብ እረዳዋለሁ። ቆርቆሮ ስር ብቻህን ስትደክም፣ ሰፈሩ «አበደ» ሲልህ፣ የሚታይ ነገር ትፈልጋለህ። ግን ሞተሩ ልብህን ብቻ አይደለም የሚያበረታው፤ ሰፈሩንም ይጠራል። ሞተር ያለው አውሮፕላን «መቼ ነው የምትበረው?» የሚባል አውሮፕላን ነው። ጓደኛ ይጠይቃል፣ የወረዳው ሰው ይጠይቃል፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ይጠይቃል። ክንፉ ያልተፈተነ፣ ሚዛኑ ያልታወቀ፣ ግን ሞተሩ የሚጮህ አውሮፕላን በጣም አደገኛው አውሮፕላን ነው፤ ምክንያቱም መነሳት ይችል ይሆናል። መነሳት ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው። ሞተር የሌለው ግን ማንንም አይገድልም። ሞተሩን ማዘግየት ማለት ለራስህ አጥር መሥራት ነው።

ሦስተኛው፦ «ያገለገለ ቮልስ እየጠፋ ነው፣ ያገኘሁትን ልያዝ»። እውነት ነው፣ እየጠፋ ነው። ግን ማን እንደነዳው፣ ምን ዘይት እንደጠጣ፣ ስንቴ እንደተፈታ የማይታወቅ ሞተር በርካሽ ቢገኝ ርካሽ ነው ወይ? መኪና ላይ ሞተር ቢጠፋ ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሰማይ ላይ ዳር የለም። በባጃጅ ሞተር ልሞክር የሚሉ ልጆችንም አይቻለሁ፤ ወኔያቸውን እወዳለሁ፣ ግን አሥር ፈረስ ገደማ ያለው ሞተር በእኛ ከፍታ ሰባት እንኳ አይሞላም። ያ ሞተር ሰው ማንሳት ይችል እንደሆነ ለማወቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ማካፈል የሚችል ሰው ይበቃል።

እንግዲህ ሳይገዙ በፊት ምን ይደረግ? ብዙ ሥራ አለ። ደግሞ ደስ የሚለው አብዛኛው መካነ ሰላም ውስጥ ባለ ዕቃ ይሠራል።

አንደኛ፣ ክንፉን ጫነው። ክንፉን ገልብጠህ በመደገፊያ ላይ አስቀምጥና አሸዋ ደርድርበት። ሙሉ ክብደቱ 400 ኪሎ የሚሆን አውሮፕላን ክንፎቹ አራት እጥፍ ይቻሉ ካልክ 16 ኩንታል አሸዋ ገደማ ማለት ነው። ጥቂት በጥቂት ጨምር፣ ምን ያህል እንደጎበጠ እየለካህ ጻፍ። ከተሰበረ እሰየው! መሬት ላይ ተሰበረ፣ አንተ ቆመህ እያየህ። ይህን ፈተና ቪዲዮ አንሥተህ ልቀቅልን፤ እኛም ማጨብጨብ እንልመድ።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑን እወቅ። የመረጥከው ሞተር ክብደቱ ይታወቃል፤ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ብዙዎቹ ከ60 እስከ 80 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ያን የሚያህል አሸዋ በጆንያ አድርገህ ሞተሩ ቦታ ላይ እሰር፣ ሦስቱንም ጎማዎች እህል መመዘኛ ላይ አውጣ፣ የክብደቱ መሃል የት እንደሚወድቅ አስላ። በቅሎ የጫነ ሰው ይህን አይስተውም፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃል። አውሮፕላንም አፍንጫው ከከበደ አልነሳም ይላል፤ ጭራው ከከበደ ግን ይነሳና አልታዘዝም ይላል። የአሸዋ ጆንያ ወዲህ ወዲያ ማድረግ ነፃ ነው። የተገዛ ሞተር መያዣውን ፈትቶ ማዛወር ግን አዲስ ብየዳ፣ አዲስ ብረት፣ አዲስ ክብደት ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ጨርስ። አውሮፕላን ሳይመዘገብና የመብረር ብቃቱ ሳይረጋገጥ መብረር ሕግ አይፈቅድም፤ ይህን የሚመለከተው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አብዛኛው ልጅ ወደዚያ የሚሄደው ሁሉን ጨርሶ፣ ሞተር አስነስቶ ነው። ያኔ «አይሆንም» ሲባል ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል። በሥዕልህ ቀድመህ ሂድ። የሚጠይቁህ ነገር የሞተር ምርጫህን ሊቀይር ይችላል፤ እንዲቀይረው ደግሞ ገና መግዛት የለብህም። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ቱሉ አውሊያ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ። የስሌት ደብተርህን ይዘህ መምህር ፈልግ። ከሞተር ይልቅ ስሌትህን የሚያርምልህ አንድ ሰው ነው ከሞት የሚያድንህ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ፣ በዚያ ቀን፣ ሂድና ግዛ። ያኔ ስንት ፈረስ እንደምትፈልግ ታውቃለህ። በ2600 ሜትር ላይ ምን እንደሚተርፈው ታውቃለህ። ምናልባትም 100 ፈረስ ያስፈልገኛል ያልከው 80 ይበቃህ ይሆናል። ምናልባትም እስከ 4500 ሜትር ገደማ ጉልበቱን የማይለቅ ባለ ተርቦ ሞተር እንጂ ሌላ እንደማይሆን አውቀህ፣ ዋጋው ስለማይደረስ የመነሻ ሜዳህን ወደ ቆላ ታወርዳለህ። ይህም መልስ ነው። በሬ ሳይሸጥ የተገኘ መልስ።

«እኛ ሞተር ስለሌለን ነው ወደ ኋላ የቀረነው» የሚለውን ዘፈንም እናቁም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ»፣ ጣሊያን ወስዶ በ2016 ዓ.ም. የመለሳት፣ አካሏ እዚህ ሲሠራ ሞተሯ የቼኮዝሎቫኪያ ስሪት ዋልተር ቬነስ ነበር። ማንም በዚህ አላፈረም። ሞተር ገበያ ላይ አለ፤ ገንዘብ ይገዛዋል። ገበያ ላይ የሌለው ክንፍ መሥራት የሚችል እጅና የራሱን ክንፍ ጨክኖ የሚፈትን ልብ ነው።

የኛ አካባቢ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ አስቀልጠው መቅደላ ድረስ ሲያመጡት የሁላችንም ዓይን የሚያየው መድፉን ነው። ሐውልቱም ለመድፉ፣ ወሬውም ስለ መድፉ። ግን ያን ሁሉ ቶን ብረት የጅዳንና የበሽሎን ገደል ያሻገረው መንገዱ ነው። ወደ ስድስት ወር ሙሉ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሱ የጠረጉት መንገድ። መንገዱ ባይኖር መድፉ ደብረ ታቦር ላይ የተጋደመ ብረት ነበር። ሞተርም ያለ ክንፍ እንደዚያው ነው።

ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለመካነ ሰላም የሰጠው ባለ ሦስት ፊደል መለያ አለ፤ ኤም ኬ ኤስ። እኔ አንድ ቀን እዚያ የሚያርፍ፣ እዚያው የተሠራ አውሮፕላን ማየት እፈልጋለሁ። ለዚህ ነው የምከራከረው። የአጎቱን በሬ ሸጦ የዛገ ሞተር ታቅፎ የሚቀር ልጅ አላይም፤ ዓባይ ጠርዝ ላይ «ሞክር! ሞክር!» የተባለ ልጅማ ጭራሽ አላይም። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ የእንዲህ ዓይነት ልጅ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ «መቼ ትበራለህ?» ብላችሁ አትጻፉለት። «ክንፉን ስንት ኩንታል ጫንከው?» በሉት።